ሞሪያ ጫፍ ላይ ያነበብኩት

ታዴ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ላስቀድም። የሞትክ ቀን፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሆስፒታል መግባት ተከልክዬ ነርሷ ታብሌቱን ፊትህ ላይ ይዛልህ ሳለ፣ «እማማ ሰላም ብለውሃል፣ እየጸለዩልህ ነው» አልኩህ። እናትህ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። አንተም የኦክስጅኑን ጭንብል በጣትህ ገፋ አድርገህ «ሰላም በያት» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህን አልሰማሁም።

ይኸው ዘጠኝ ወርህ። ባሏን በመጨረሻ ሰዓቱ የዋሸች ሴት እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ።

እህትህ ዘነበች ከደብረ ማርቆስ የደወለችልኝ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ባደረግህ በአራተኛው ቀን ነው። «እማዬ አረፈች። አሁን እንዳትነግሪው፤ ሲሻለው ሽማግሌ ሰብስበሽ በወጉ አርጂው» አለችኝ። ወጉን አውቃለሁ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ግን በዚህ በኔቫዳ የቁማር ከተማ ማለዳ የማን ነው? አንዱ ሽማግሌ ከካዚኖ የሌሊት ሺፍቱ የሚወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሌላው በዚያው ሰዓት ታክሲውን ይረከባል። አንድ ቀን ተገጣጠሙልኝ ስል ኦቨርታይም መጣና ቀረ። ቁስልህ ሻረ። ጾም ገባ። ፋሲካ ደረሰ፣ በበዓል እንዴት ይነገራል ተባለ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌም አልጠራሁ፤ ማፈር ጀመርኩ። «እማማን አገናኚኝ» ስትለኝ «ጠበል ሄደዋል» እልሃለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ መስመሩ አይሠራም እልሃለሁ። ቀስ በቀስ መጠየቁን ተውክ። እናቱን የረሳ ልጅ ብዬ በሆዴ ታዝቤህ ነበር፣ ታዴ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ወረርሽኙ ዝም አሰኝቷቸው የነበሩት አውሮፕላኖች ተመልሰው መስኮታችንን ያንቀጠቅጡታል። ሆቴሉም በሰኔ ጠርቶኝ ክፍል ማጽዳቴን ቀጥያለሁ። ልጃችን ሄርሜላ ክሊኒክ ውላ ትመጣና አንተ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አልከለክላትም።

ያንን ሞሪያ የሚባለውን ተራራህን ልየው ያልኩት ልናዘዝልህ ነበር። መቃብርህ አጠገብ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም። ሞሪያ ግን ሩቅ ነው። ስሙን ከቤተ ክርስቲያን ስለምታውቀው ካርታ ላይ ያገኘኸው ቀን «ሞሪያ ኔቫዳ ውስጥ!» ብለህ እንደ ሕፃን የጮኽከው ትዝ ይለኛል። ኦፕራሲዮን ባደረግህበት ዓመት በሐምሌ «ከታክሲ ሾፌር ጓደኞቼ ጋር ነው» ብለኸኝ ሄድክ። ስትመለስ ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ፣ ዐይንህ አብጦ ነበር። «ፀሐይ ነው» አልከኝ። እኔም ኪያር ቆርጬ ዐይንህ ላይ አስቀመጥኩልህ።

ባለፈው ወር ከሄርሜላ ጋር ሄድን። አምስት ሰዓት ያህል አስፋልት፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጎርፍ የበላው ኮረኮንች። የመኪናው ሆድ ድንጋይ ላይ በተፋቀ ቁጥር እሷ ትስቃለች። «ማሚ፣ ዳዲ እዚህ በዚያ አሮጌ መኪና ነው የመጣው? ክሬዚ ነው እኮ!» መኪናውን ትተን ጫካውን በእግር አለፍንና ከላይ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ወጣን። ዛፎቹ ግማሽ ጎናቸው ደርቆ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ተጣመው ቆመዋል። ከዚያ በላይ ድንጋይ ብቻ ነው። አሥር እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ።

«ማሚ፣ ካልቻልሽ እንመለስ። ማንም አያየንም።»

«እግዜር ያያል» አልኳት።

«ኦኬ፣ እሱም ውሃ ጠጪ ነው የሚልሽ።»

ጫፉ ላይ በድንጋይ ክምር መሀል የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ውስጡ ደብተር አለ፤ የወጣ ሰው ስሙን ይጽፍበታል። ብዙ ሰው ስለማይወጣ ከአራት ዓመት በፊት የተቀመጠው ደብተር ገና አላለቀም። የሁለታችንን ስም ልጽፍ ስገልጥ በእንግሊዝኛው መካከል የእኛን ፊደል አየሁ። ያንተን እጅ።

«እናቴ ወለተ ሐና በየካቲት አረፈች። ቤት ውስጥ ላለቅስላት አልቻልኩም፤ ብርቄ ማወቄን ታውቅብኛለች። እዚህ አለቀስኩላት። ነፍሷን ይማር። ታደሰ።»

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ይህን ግን ጣቴ ሳይነካው ነው ያነበብኩት።

ታውቅ ነበር! ማን ነገረህ? ምናልባት ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ አንዱ ያገርህ ሰው የተረዳህ መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎህ ይሆናል። አንተም አሜን ብለህ ተሳፋሪህን ጭነህ ሄድክ። ማታ ገብተህ ራትህን በላህ። እኔ ጠበል ሄደዋል ስልህ ምን ብለህ ነበር ፊቴን የምታየው? ስንት ጊዜ አስዋሸኸኝ?

አዝኖልሽ ነው የሚለኝ ይኖራል። አልቀበልም። ያዘነልኝ ሰው እጄን ይዞ «በቃሽ፣ አውቄአለሁ» ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ አንተ ልቅሶህን ዋጥክ፣ እኔ እፍረቴን። ያበጠ ዐይንህ ላይ ኪያር ሳስቀምጥ እንኳ አንዲት ቃል አልወጣህም። በመጨረሻው ቀን «ሰላም በያት» ስትለኝ፣ አውቀህ ለሞተች እናት ሰላምታ ላክብኝ። ወጉን የሰበርኩ እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ግን ልታወርድልኝ ስትችል አሸክመኸኝ ሄድክ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለእናትህ ጮኼ አለቀስኩ። ቤቴ ውስጥ ለእሳቸው አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሄርሜላ ደንግጣ ሮጣ መጣች። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት፣ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳት። «ለምን ዝም ብላችሁ አልተነጋገራችሁም?» አለችኝ።

ዘነበች በደወለች ቁጥር «ወንድሜ እናቱን ሳያለቅስ አፈር ገባ» ትላለች። እኔን ወቅሳኝ አታውቅም፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ስለዚህ አልረሳህም ታዴ፣ ግን አሳምሬ አላስታውስህም። ደግነትህንም ዝምታህንም አንድ ላይ እይዛለሁ፤ ንዴቴ ሲበርድ ይበርዳል፣ ካልበረደም ከነንዴቴ አስብሃለሁ። ደብተሩን ሳጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ሄርሜላ ገጹን ፎቶ አንስታዋለች፤ ፎቶውን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ወደ አገር ቤት የምትሄድ ጎረቤት ለእህትህ ለዘነበች ታደርስላታለች። በመጨረሻው ቀን ያልኩህንም አልሰረዝኩትም። አንብባ በእኔ ትፍረድ፤ ወንድሟም እናቱን ማልቀሱን ትወቅ።

ብርቄ