ያልለካናቸው ሽማግሌዎች

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 2016

ውድ ኤብላ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ልደውልልሽ እያሰብኩ ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ። ፊት ለፊት ያልደፈርኩትን በወረቀት ልሞክረው።

ከካራማራ ማዶ የሠራነውን ጥናት መቼም አትረሺውም። ግመል አርቢ ሽማግሌዎችና ያረጁ ግመሎቻቸው እንዴት በጤና እንደሚያረጁ ለማወቅ፣ አንቺ ከሰዎቹ ደም ስትቀጂ፣ እኔ የእንስሳት ሐኪሟ ከግመሎቹ ስቀዳ፣ የሽማግሌዎቹን የእጅ ጉልበት በመጭመቂያ ስንለካ ከረምን። ውጤቱ ሲወጣ የሰማንያ ዓመቱ ሰው እጅ ከስልሳ ዓመቱ እምብዛም አላነሰም። እኔ በደስታ ስዘል አንቺ ወረቀቱ ላይ አቀርቅረሽ፣ "አባዮ፣ እህቴ፣ ደካሞቹስ የት ሄዱ?" አልሽ።

"አንቺ ደግሞ ደስታ አይሆንልሽም" አልኩሽ። አለቃችን ዶክተር ራሺድ "ካላመነችበት ትውጣ" ሲሉ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። ልክ እንደሆንሽ ጠርጥሬ ነበር። ጠርጥሬም ዝም አልኩ። ወደ ድሬዳዋ ስትሄጂ መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁሽም።

ባለፈው ወር ጽሑፋችን ሊታተም ሲል ውጤቱን ልነግራቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። ሐጂ ሂርሲን ታስታውሻቸዋለሽ፤ መጭመቂያውን ሊሰብሩት የደረሱትን። ሰምተው ሰምተው ሳቁ።

"ልጄ፣ የለካሽው የቀረነውን ነው። መራመድ ያቃታትን ግመል ባቢሌ ወስደን እንሸጣለን። መራመድ ያቃተውን ሰው ልጆቹ ከተማ ያስገቡታል። አብሮኝ አንድ ወተት ጠጥቶ ያደገው ታናሽ ወንድሜ ሱጉሌ፣ ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ጅግጅጋ አልጋ ላይ ነው።"

የወንድማቸው ቤት ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፣ ኤብላ። በማግስቱ ሄድኩ። ጋሽ ሱጉሌ ጥርሳቸውን ነክሰው መጭመቂያውን ጨመቁ። ጠቋሚው መርፌ ትንሽ ተነቃንቆ ቆመ።

"ስንት ሆነ?"

"አራት ኪሎ" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ታዲያ ምን ታንሾካሹኪያለሽ? ጻፊው እንጂ!"

ጽሑፉን አስመለስኩት። ዶክተር ራሺድ "የስንት ዓመት ልፋት ገደል ልትከቺ?" ብለው ጮኹብኝ።

"ግማሹን ብቻ ነው የለፋነው" አልኳቸው።

ያልለካናቸውን ለመለካትም አዲስ ማመልከቻ አስገባሁ። በአራተኛው ቀን ማመልከቻዬን ፈርመው፣ "ረዳት ግን የለሽም" ብለው ሰጡኝ።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ባቢሌ ገበያ እየሄድኩ የሚሸጡትን አሮጌ ግመሎች ጥርስ አይቼ ዕድሜያቸውን እመዘግባለሁ። ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አልጋ የያዙትን እለካለሁ። አንዳንዱ ቤት ያባርረኛል፤ ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ። የሽማግሌ ደም ሥር ቶሎ የሚያገኝ እንዳንቺ ያለ እጅ ግን አጥቻለሁ።

በዚህ ጥናት ላይ ስምሽ ከስሜ ይቀድማል። ብትመጪም ባትመጪም እንዲያ ይሆናል። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ቂም ይዘሽ ብትቀሪም አልፈርድብሽም። ሥራውን ግን አልተወውም። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው ለክቻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሠላሳ ሁለተኛውን በር አንኳኳለሁ።

እህትሽ ሔርሜላ