የወንዝ ዳሩ ግራዋ

ቦሌ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ወንድሜ ይመር፣

በፖስት ካርዱ ፊት ያለው ሰፊ የቦሌ መንገድ አያታልልህ። ከእህቴ ከፈሂማ ቤት ጓሮ ወንዝ አለ። ዳሩ ላይ እማማ ፈለቀች የሚባሉ ጎረቤት ጎመንና ድንች ያበቅሉ ነበር። ዳርቻውን የያዘውን ግራዋ አያስነኩም፤ ቅጠሉን ብቻ እየለቀሙ ከፋንድያ ጋር አበስብሰው መልሰው ለአፈሩ ይሰጡት ነበር።

እሑድ ቀበሌው ለዘመቻ ጠራን። «ቁጥቋጦው ይመንጠር፣ መሬቱ ሁሉ ጎመን ያብቅል» ተባለ። እንግዳ ነኝ ብዬ መቅረት እችል ነበር፤ በስም ጥሪው ከቤቷ ሰው ቀረ ብለው ፈሂማን እንዳይዙብኝ ፈርቼ ዶማ ተቀበልኩ። እኔና አንተ በዕርዳታ ስንዴ እርከን ስንሠራ የከረምን ሰዎች ነን። ሥር ሲነቀል ምን እንደሚከተል እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው? እያወቅሁ ከነሥሩ ነቀልኩት።

ማክሰኞ ዝናቡን ሲያወርደው ዋለ። ትናንት ጧት ብንወጣ የእማማ ፈለቀች የአትክልት መደብ የለም። ወንዙ ጎመኑን ከነአፈሩ ጠርጎት ድንጋዩ አግጥጧል። እማማ ፈለቀች አልጮሁም። ጭቃው ውስጥ ቆመው፣ «እነሱስ አያውቁም ልበል። አንተ ከወሎ የመጣኸው፣ አፈር ሲሄድ ያየኸው፣ እንዴት ዝም አልክ ልጄ?» አሉኝ።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን፣ ልጆቹን፣ ሰፈሩን ሁሉ ሰላም በልልኝ። እርከናችን ጫፍ ያለችውን ግራር ማንም እንዳይነካት። ስመለስ ግን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ስለ አፈር ተናገር ብለህ አታስነሳኝ።

አደም