“አለቀ” ብለው ያነሱ የነበሩት የፎቶግራፍ ባለሙያ የሕይወት ታሪክ

እትዬ አለቀ እየተባሉ የኖሩት የፎቶግራፍ ባለሙያ ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በጥር ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የተወለዱበት አልጋ አባታቸው ለደንበኛ ሠርተውት ደንበኛው ጠበበኝ ብሎ የመለሰው ነበር። ለሰውየው የጠበበው አልጋ ለሁለቱ እህትማማቾች አሥራ ስድስት ዓመት በቅቷቸዋል። በሁለት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ትወድቃለች ብለው በመስጋት እሳቸውን ከግድግዳው በኩል ያስተኙ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ራሳቸው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ቤተሰቡ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብሎ ቢያጽፍ ደስ ይለው ነበር፤ ሆኖም የውጤታቸው ወረቀት ስላልጠፋ መካከለኛ ነበሩ ለማለት ተገደናል።

በ1960 ዓ.ም. ታላቅ እህታቸው ትዳር ይዘው ሲወጡ፣ እሳቸው ደግሞ በከተማው ብቸኛ በነበረው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ከጨለማ ክፍል ስለማይወጡ ጋሽ ጨለማ ይባሉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የእትዬ አለቀ ሥራ ፎቶ ማጠብ፣ የታጠበውን ገመድ ላይ መስቀልና በቀጭን እርሳስ የደንበኞችን ጠባሳና የፊት መጨማደድ ኔጌቲቭ ከሚባለው ፊልም ላይ ማጥፋት ነበር። በዚህ ሥራ እጅግ ከመካናቸው የተነሳ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ፎቷቸውን ሲረከቡ የልጃቸው መስሏቸው መልሰውታል። ጋሽ ጨለማ ወገባቸው ሲጎብጥ ካሜራውን አስረከቧቸው። እሳቸውም ካሜራውን በተቀበሉበት ቀን እርሳሱን አስቀመጡ። ሰው ፊቱ ላይ ያለውን ለፍቶ ያገኘው ነው፣ ለምን እነጥቀዋለሁ ይሉ ነበር።

ከካሜራ ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ አንገቱን አድርቆ፣ ፍርድ የሚጠብቅ ይመስላል። እትዬ አለቀ ይህንን አንድ ጊዜ ያነሱና “አለቀ” ይላሉ። ደንበኛው በእፎይታ ሲተነፍስ፣ ትከሻው ሲወርድ፣ ኮቱን ሲፈልግ ወይም ደጅ ጥሎት የገባው ሐሳብ ተመልሶ ሲመጣበት፣ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ያነሳሉ። የመጀመሪያው ለደንበኛው ነው፤ ሁለተኛው ለእሳቸው። ሰው ሰው የሚመስለው አለቀ ሲሉት ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ከተማው ያወጣላቸው ስምም ከዚሁ የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ተቆጥተውበታል፤ በኋላ ግን በፎቶ ቤቱ በር ላይ ራሳቸው አጽፈውታል።

በ1967 ዓ.ም. ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ሱቅ ከነበራቸው ሰዓት ሠሪ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ካሜራው በተበላሸ ቁጥር ወደ ሰዓት ሠሪው ይወሰድ ነበር። በዚያ ዓመት ካሜራው በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚበላሽበት ምክንያት ለጋሽ ጨለማ የገባቸው የጥሪ ወረቀቱ ሲደርሳቸው ነው። የሠርጉ ፎቶግራፍ ዛሬም ቤት አለ። ሙሽራው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሙሽሪት ግን ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው፣ ፎቶ አንሺውን ወደ መስኮቱ እንዲዞር በጣታቸው እያሳዩ ናቸው። ከዚህ ጋብቻ ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ የሆነች አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል።

ሁለተኛዎቹ ፎቶግራፎች በብስኩት ቆርቆሮ እየተሞሉ አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። በ1988 ዓ.ም. የክልሉ የሥነ ጥበብ አዳራሽ ከእነዚህ አርባውን መርጠው ለሕዝብ እንዲያሳዩ ጋበዛቸው። እሳቸው ግን ከሁሉ አስቀድመው ደብተር ይዘው በየቤቱ ዞሩ። ፎቶውን ለባለፎቶው እያሳዩ፣ ልሰቅለው ነው፣ ትፈቅዳለህ ወይ እያሉ ጠይቀው አስፈረሙ። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ሚስቱን ወይም ልጁን ይጠይቃሉ። የጋራዡ መካኒክ ሁለት ቀን አስቦበት ፈቀደ። ሥጋ ሻጩ፣ የዋህ አስመስለሽኛል፣ ከእንግዲህ ማን ይፈራኛል ብለው እንቢ አሉ፤ በመክፈቻው ቀን መጥተው ደግሞ የእኔስ የታለ ብለው ተቆጡ። በዚህ ጥንቃቄያቸው እትዬ አለቀን የሚያመሰግናቸው ሰው ብዙ ነው። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሳይጠይቁ የሰቀሉት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። እሱም የታላቅ እህታቸው ነው።

በ1979 ዓ.ም. የታላቅ እህታቸው የመጨረሻ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ፣ በአራት ቀን ትኩሳት አረፈች። ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናቷ እንደ ልማዳቸው ከመደርደሪያው አምስት ሰሃን አወረዱ። አራቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አምስተኛው እጃቸው ላይ ቀረ። እትዬ አለቀ ሊያጽናኑ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ ካሜራው አንገታቸው ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አነሱ።

ኔጌቲቩ ሃያ ሦስት ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀመጠ። በ2002 ዓ.ም. ክልሉ ለእትዬ አለቀ ሥራዎች ሽልማት ሲሰጥና ሁለተኛው ኤግዚቢሽናቸው ሲዘጋጅ፣ ያንን ፎቶ የበር ቁመት አሳክለው አተሙት። መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ደብተር ይዘው ሲያስፈቅዱ፣ ሁለት መንገድ ብቻ ተሻግረው የእህታቸውን በር አላንኳኩም። ለምን እንደሆነ በኋላ ሲጠየቁ፣ ሰው የገዛ እጁን ያስፈቅዳል ወይ ብለው ነበር። ቤተሰቡ ይህንን ሊያለዝበው አይፈልግም። ጥፋት ነበር፤ ራሳቸውም ጥፋት ነው ብለዋል።

በመክፈቻው ቀን ታላቅ እህታቸው አዲስ ቀሚስ አሰፍተው፣ አራት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ እህቴ ተሸለመች እያሉ ገቡ። ከዋናው ግድግዳ ላይ ራሳቸውን ከነሰሃናቸው አገኙ። ጎረቤቶቹ አንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን ያዩ ነበር። ታላቅ እህታቸው ዞረው ወጡ። ፎቶው በዚያው ቀን ከግድግዳው ወረደ። አዳራሹ በቋሚነት ሊያኖረው ቢለምንም እትዬ አለቀ አልሰጡም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አሥራ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። አንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሊያስታርቁ አራት ጊዜ ሄደው፣ አራት ጊዜ ተስተናግደው፣ አራት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እትዬ አለቀ በገበያ ብቅ ሲሉ ታላቅ እህታቸው ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ይመርጡ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በከተማው እንደ እሳቸው ሽንኩርት አጥብቆ የመረጠ ሰው አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. የእትዬ አለቀ ልጅ ስታገባ አክስት ተጠርተው መጡ፤ ከማዶ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በዚያ ቀን እትዬ አለቀ ካሜራ አልያዙም። እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው፣ ልጃቸው ስትዳር ሌላ ሰው ሲያነሳ ተመለከቱ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም አደረባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል ገቡ። ሰውነታቸው አልቆ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። በገቡ በስምንተኛው ቀን ታላቅ እህታቸው የተተኮሰ አንሶላ ይዘው መጡ። አስታማሚዋ ነርስ ምኗ ነዎት ብትላቸው፣ ጎረቤቷ ነኝ አሉ። አንሶላውን ቀየሩ፣ ትራሱን አቃኑ፣ ተቀመጡ።

በመጨረሻ እትዬ አለቀ ከራስጌያቸው የነበረውን ካሜራ ለአክስቷ እንድትሰጥ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን በእጃቸው አመለከቷት።

“እታለም፣ አንሺኝ” አሉ። “እንዲህ እንዳለሁ አንሺኝና እንተካከል።”

ታላቅ እህታቸው ካሜራ ይዘው አያውቁም። ቢሆንም ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ እህታቸውን ቆይተው አዩ። ከዚያ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አወረዱት።

“አልችልም። አንቺ እንዴት ቻልሽ?”

“እኔም አልቻልኩም” አሉ እትዬ አለቀ። “ማልቀስ ቢያቅተኝ ነው ያነሳሁሽ።”

ታላቅ እህታቸው ካሜራውን መድኃኒቱ አጠገብ አስቀመጡት። ጫማቸውን አወለቁ።

“ይቅር አላልኩሽም” አሉ። “ፈቀቅ በይ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ለመቀየር ካልሆነ ከዚያ ክፍል አልወጡም። የሟቿ ሕፃን ስም ለሠላሳ ሰባት ዓመት በሁለቱ መካከል ተጠርቶ አያውቅም ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ግን ደጋግመው ሲጠሩት የእትዬ አለቀ ልጅ ሰምታለች። አንድ ቀንም ሲስቁ ተሰምተዋል፤ ምን እንዳሳቃቸው የነገሩት ሰው የለም። እትዬ አለቀ ያንን ኔጌቲቭ ከቤት አስመጥተው፣ ብታቃጥይውም ያንቺ ነው ብለው ለእህታቸው አስረክበዋል። የት እንዳኖሩት እኛም አልጠየቅናቸውም።

እትዬ አለቀ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ እጃቸው በታላቅ እህታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አንዲት ሴት ልጅ፣ አማች፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ታላቅ እህታቸውንና የእህታቸውን ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም ሠላሳ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የዚህን ከተማ ሰው ትተው አልፈዋል። ዛሬ እዚህ የቆምን አብዛኞቻችን ከአንዱ ውስጥ ሳንኖር አንቀርም።

ታላቅ እህታቸው በዚህ ስፍራ የስንብት ቃል እንዲያሰሙ ቤተሰቡ ጠይቋቸው ነበር። “አሥራ አራት ዓመት ስትሰማ ዝም ብያት፣ ዛሬ ሳትሰማ ምን ልበላት?” ብለው እንቢ ብለዋል። ስለዚህ ይህን እኛ አንብበንላቸዋል።

ፈጣሪ ለሄዱት ዕረፍትን፣ ለቀሩት ታላቅ እህታቸው ብርታትን ያድልልን።