የስኳር ሰልፍና የዘመመው ክሪስታል

ሰኞ
ዛሬም አልገባኝም። ከቢስሙት፣ ከብረትና ከኦክስጅን የጋገርኩት ጠጠር በአንድ ገላ ኤሌክትሪክም ማግኔትም ይዟል። የብረት አተሞቹ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ታች። ስለዚህ ማግኔትነታቸው እርስ በርሱ ተሰርዞ ዜሮ መሆን ነበረበት። የኔው ግን ጥቂት ይስባል። ከየት አመጣው? ዓርብ ለአማካሪዬ ለዶክተር ታደለ ካላስረዳሁ የረዳትነት ቦታዬ ለሌላ ይሰጥና ጠረፍ እመደባለሁ። አብዮቱ እኔንና ጠረፍን ሊድር ቸኩሏል።

ማክሰኞ
የአባቴን አሮጌ ጃንጥላ ለሳይንስ ሠዋሁት። ከሽቦው ባለ ስድስት ጫፍ ቀፎዎች ሠራሁ፤ ቀፎው የብረት አተም ቤት፣ ጫፎቹ ኦክስጅን። ጫፍ ለጫፍ በክር አያያዝኳቸው። በየቀፎው የማግኔቱን አቅጣጫ የሚያሳይ አንድ ክብሪት በሰም ተከልኩ፤ አንዱ ራሱ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ያለው ወደ ታች። ቀጥ ብሎ መቆሙን ሲያዩት ንግግር የሚሰማ ጓድ ይመስላል። ልክ እንደዚያው ምንም አያስረዳም።

ረቡዕ
ሞዴሉን በካርቶን ይዤ ጉርድ ሾላ ከአውቶቡስ ስወርድ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቷል። ሰልፉ እንደ ወትሮው የዕቃ ነው፦ ድንጋይ፣ ዘንቢል፣ አንድ እግር ጫማ። ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ናቸው። እኔም ካርቶኔን ተራ አስያዝኩና ጋደም አልኩ። በሕልሜ ድንጋዩም ዘንቢሉም ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ይንሳፈፋል፤ ተራውን ግን ማንም አይለቅም።
ስነቃ ጎረቤቴ እትዬ ለተብርሃን ከባድ ዘንቢላቸውን ካርቶኔ ላይ ጭነውታል።
«እትዬ! እንጀራዬ እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው!»
«ነፋስ ሊወስድብህ ነበር፣ ወደይ፣ ልጄ። ተራህን ጠበቅኩልህ። የተኛ ሰው ደግሞ ይቆጣል?»
ስኳሩን ወሰድኩ። ካርቶኑን ለመክፈት ግን ወኔ አጣሁ።

ሐሙስ
ጠዋት ከፈትኩት። አንድም ሽቦ አልተሰበረም። ቀፎዎቹ ግን ሁሉም ዘመዋል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዘም፣ ጫፉ ላይ የታሰረው ጎረቤቱ የግዱን ወደ ግራ። ክብሪቶቹም አብረው። ወደ ላይ የሚያየውም ወደ ታች የሚያየውም ራሱን ትንሽ ወደ ቀኝ ጣል አድርጓል። የላይና የታቹ ይሰረዛል፣ የቀኙ ይደመራል። ያቺ ጥቂት ማግኔት! ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ሲያጎነብስ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰልፍ መሰለኝ። እስከ ቀትር አየሁት። ከዚያ እትዬ ለተብርሃንን ለሳይንስ ላበረከቱት ዘንቢል በአንድ ኩባያ ስኳር ሸለምኩ። ግንባሬን ነክተው ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ አዩ።

ዓርብ
ዶክተር ታደለ ሞዴሉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ዘመመ፣ ተመለሰ። ደጋግመው ገፉት።
«ማን አዘመመልህ?»
«ቀበሌያችን።»
አልሳቁም። «እውነተኛው ጠጠርም እንዲህ መዝመሙን በኤክስሬይ አሳየኝ። እስከዚያ ቦታህ ላይ ቆይ» አሉ።
ጠረፍ ይጠብቅ። የኤክስሬዩ ክፍል ግን ወረፋው ረጅም ነው። ከጃንጥላው የተረፈውን እጀታ በሩ ላይ ተራ አስይዤ መጣሁ።