ሁለት ፋጡማ በአንድ ሳጥን

ሮቤ፣ ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 2008

ዛሬስ ደሜ ፈላ! የባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቪዲዮዎቹ በሙሉ ያሉት እንደ ኮምፒውተር ቪዲዮ በምታስቀምጥ አንዲት ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው። አማቴ የሚኖሩት ከአጥሩ ማዶ ከትንሹ ልጃቸው ጋር ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ እኔ ቤት መጥተው ሟቹን ልጃቸውን ማየት አልቻሉም። ሳጥኗ ሁለት የኬብል መሰኪያ አላት። አንዱ ለእኔ ቤት ኢንተርኔት፣ ሌላው ለእነሱ ይሁን ብዬ ከጎባ ባለሙያ አስመጣሁ።

በአጥሩ ላይ ኬብል አሳልፎ ሁለቱንም ቢሰካ ቪዲዮው ከሁለቱም ቤት ጠፋ!

«አደ፣ ወይዘሮ ፋጡማ፣ አንድ ሳጥን ለሁለት ቤት? ባል ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በእኔ፣ ባሏ በሞተባት!

ለምን እምቢ አለ ብዬ ስጠይቀው፣ የሁለቱም ቤት የኢንተርኔት መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የመስመር ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሳጥኗ ለየትኛው እንደምትመልስ ግራ ገብቷት ነው አለኝ።

ጎሮ ስማር ክፍላችን ውስጥ ሁለት ፋጡማ ነበርን። ስም ሲጠራ ሁለታችንም «አቤት!» እያልን አስተማሪውን ስናሰቃየው፣ እኔን «ፋጡማ ሁለት» ብሎኝ ተገላገለ።

«ታዲያ የእኔን ቤት ቁጥር ለውጠዋ!» አልኩት። ለወጠው፤ ሠራ።

ይህ ዐይነ ደረቅ ማዶ ተሻግሮ «ዘዴውን እኔ አገኘሁት» አለና ከአማቴ ምርቃት ተቀበለ! እውነቱን ልናገር ብዬ በንዴት አጥሩ ጋ ስደርስ የባለቤቴ ሳቅ ከወዲያ ቤት ተሰማ። አማቴ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» እያሉ ያዋሩታል።

ሳቄ መጣ፤ ተመለስኩ። ለዛሬ ምርቃቱን ይውሰደው። ነገ ግን ፋጡማ ሁለት አጥሩን ዞራ እውነቱን ትናገራለች።