ቁልቁለቱ ላይ ያልተቆጠሩት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

መንገዱ ላይ እንዲሠራ የጠየቅኩት የፍጥነት መቀነሻ ዛሬ ውድቅ ተደረገ። ምክንያቱ በሆስፒታሉ ቁልቁለት ላይ በገዛ እጄ የተከልኩት ብስክሌት ቆጣሪ ሴንሰር ነው።

«ብስክሌት እኮ አያልፍበትም። ለማን ብለን ነው የምንሠራው?» አሉኝ የማዘጋጃ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ በስብሰባው ላይ።

«የማያልፉት ስለሚፈሩ ነው» አልኳቸው።

«ፍርሃት በመሣሪያ አይለካም» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ስወጣ መምህርት እቴነሽ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ክረምት ላይ እዚያው ቁልቁለት ላይ ከነብስክሌቷ የጭነት መኪና ገጭቷት እስካሁን በምርኩዝ ነው የምትሄደው። መሣሪያው እንዲመጣ የወተወትኩት በእሷ አደጋ የተነሳ ነበር። መሣሪያው እስኪተከል ግን ተማሪዎቿም ፈርተው ብስክሌታቸውን ትተው በእግራቸው መሄድ ጀምረው ነበር።

«ምን አሉህ?» አለችኝ። ነገርኳት።

ምርኩዟን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች። «እንግዲያው እኛን ለመቁጠር ዘግይታችኋል፣ ወንድሜ» ብላ ቀስ እያለች ሄደች።

ነገ መሣሪያውን እንድነቅልና ውጤቱ ትክክል ነው ብዬ እንድፈርም ታዝዣለሁ። ስህተት ቢኖርበት አልፈርምም ብዬ እከራከር ነበር። ደጋግሜ አየሁት፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው...