ሙሽራ ያልሆነችው አክስቴ ክፍሏ እንዲመለስላት

ለተከበሩ የወይን እርሻው እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ ይመኑኝ። ጤናዎን ልጠይቅ ነበር፣ ደግሞም እጠይቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ የዛሬን ብቻ ይመኑኝ፤ ባለፈው ሳምንት በስልክ የተናገርኩትን ይተዉት፣ ይሄኛው እውነት ነው። የቅዳሜው ልደት ነው። ሠርግ አይደለም፣ ስብሰባም አይደለም፣ አክስቴ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

እንግዲህ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ወይኑስ እንዴት ይዞታል? እኛ በጣም ደህና ነን፣ እኔ ብቻ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ እሱም ከመሥሪያ ቤትዎ በደረሰኝ ባለ አንድ መስመር መልእክት ምክንያት ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ፣ እንደዚህ አጥሮ እንደዚህ የሚያስደነግጥ ነገር አንብቤ አላውቅም። «ያስያዙት ተሰርዟል፣ እባክዎ ተመልሰው አይደውሉ» ይላል። «እባክዎ» መባሌ ራሱ አስደስቶኛል። ይሄን ደብዳቤ እንግዶቻችሁ አስተያየት የሚጽፉበት ገጽ ላይ ሰው ሁሉ እያየው የለጠፍኩት ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፣ ስደውል ስልኩ ስለማይነሳልኝ ነው። እኔ ለባለሥልጣን ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለዚህ ቃል ከሳትኩ ይለፉኝ።

አክስቴን ላስተዋውቅዎ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እታለም ነው የምንላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርሙስ አጥባለች። ያገለገለ ጠርሙስ ከየቦታው በሳጥን ተጭኖ ይመጣል፣ በፍል ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ መብራት ፊት ይይዙትና አንገቱ የተሸረፈውን፣ ሥሩ ቆሻሻ የያዘውን ይለያሉ፣ የቀረው ተመልሶ ወይን ለሚጠምቁት ይሄዳል። እኔም አሁን እዚያው ከጎኗ ነው የምሠራው። ነገ ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ነው፣ ጡረታ ትወጣለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠርሙሱ ከእኛ በር ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አይታ አታውቅም። ወይን እንኳን አትጠጣም፣ ይመረኛል ነው የምትለው።

ልደቷን ወጣ ብለን እናክብርላት ሲባል ምርጫው ለእኔ ተሰጠኝ፣ ለምን ቢሉ ስልክ ላይ ፎቶ አጉልቼ ማሳየት የምችለው እኔ ነኝ። ሦስት የወይን እርሻ አወጣሁ። አንደኛው መዋኛ አለው፤ አጎቴ፣ ማለት የእታለም ታናሽ ወንድም፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ልብሴን አላወልቅም ብሎ ጣለው፣ አውልቅ ያለው ሰው ሳይኖር። ሁለተኛው ቅርብ ነው፣ ግን ካሉት ስምንት ፎቶዎች አምስቱ የውሻ ናቸው፣ እታለም የሚከራየው ውሻው ነው ወይስ ክፍሉ ብላ ጠየቀችና እሱም ቀረ። ሦስተኛው የእናንተ ነው። በረንዳውን አሳየኋት፣ የወይኑን ረድፍ አሳየኋት፣ ሽንኩርቷን መላጥ አላቋረጠችም። ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ ያለበት ፎቶ ሲመጣ ግን ስልኩን ከእጄ መንጭቃ፣ መነጽሯን አድርጋ አምፖሉ ሥር ሄደች። ጠርሙሱ ትከሻው ላይ አንድ ጭረት አለችው። የእኛ ማድረቂያ ላይ አንድ የጎበጠ ብረት አለ፣ የነካውን ሁሉ እንደዚያ ይጭራል፣ ስንት ጊዜ ይቃና ብለን ለምነናል።

«ይሄ በእጄ ያለፈ ነው» አለች። «እዚህ ነው የምሄደው።»

እታለም እዚህ ነው የምሄደው ስትል ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ ነው። በደስታ አብጄ ያን ቀን አልጋ ላይ ዘልዬ አንዱን ርብራብ ሰብሬያለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጥ፣ ለቢሮ ሲጻፍ እንደዚያ ነው አሉኝ።

1. በመጀመሪያ ስደውል እውነቱን ነው የተናገርኩት። ለልደት ክፍል እፈልጋለሁ አልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ፣ ድምጿ ማር የሆነው፣ ቅዳሜ በረንዳ ያላቸው ክፍሎች ለልደት አይሰጡም፣ ፎርሙም ላይ ሠርግ፣ ጫጉላና ስብሰባ እንጂ ልደት የሚል ሳጥን የለም አለችኝ። እናንተ ዘንድ ሰው ማግባት ይችላል፣ መሰብሰብ ይችላል፣ መወለድ ብቻ ነው ያልተፈቀደለት። አልፈርድም፣ ደንብ ደንብ ነው።

2. ስለዚህ በማግስቱ ድምፄን ወፈር አድርጌ ደወልኩና ሠርግ ነው አልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም፣ ግን የሙሽሮቹን ስም እስከ አያት እንደምትጠይቀኝ ማንም አልነገረኝም። ሰው ሲደነግጥ አፉ የሚያውቀውን ነው የሚያወጣው። ለሙሽሪት የእታለምን ስም ሰጠሁ። ሙሽራውስ ስትለኝ በመስኮት የሚታየኝ ወንድ አንድ ብቻ ነበር፣ አጎቴ፣ ግቢ ውስጥ ጫማውን ይጠርጋል፤ የእሱን ሰጠሁ። ልጅቷ ስትጽፍ በስልኩ ይሰማኛል፣ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«የአባታቸው ስም አንድ ነው» አለችኝ።

አዎ አልኩ።

«የአያታቸውም።»

አዎ አልኩ፣ ምን ልበል። ለመሥሪያ ቤትዎ ንቃት ያለኝን አድናቆት እዚህ ላይ ሳልገልጽ አላልፍም፤ እህትና ወንድም ከመጋባት የተረፉት በእናንተ ነው። አጎቴ ሚስቱና አምስት ልጆቹ እያሉ ሙሽራ ሆኖ እንደዋለ እስካሁን አልሰማም፣ እባካችሁ የምታነቡ ሁሉ አትንገሩት።

3. ስህተት ነው፣ ስብሰባ ነው ያልኩት ያኔውኑ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ነው። የማን ስብሰባ? የድርጅት። እንግዲያው ማህተም ያለው ደብዳቤ ላኪ፣ እስከዚያ አራት ክፍል እይዝልሻለሁ አለች። እኔም ሮጬ ተያዘ ብዬ ለቤቱ ሁሉ አበሰርኩ። ማህተም ከየት ላምጣ? በዕድሜዬ የነካሁት ማህተም አንድ ነው፣ የጠርሙስ ሳጥን ላይ የምንመታው። ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ መታሁበት፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። «ታጥቧል፣ ተፈትሿል» ነው የሚለው። ከርቀት ሲያዩት ማህተም ነው፣ እኔ ከርቀት ታዩታላችሁ ብዬ ነበር። የፋብሪካችን ሰው ይሄን ካነበበ፣ ማህተሙ ቦታው ተመልሷል፣ ሌላ ምንም አልመታሁበትም፣ እባካችሁ ከሥራ አታስወጡኝ፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። እርስዎ ግን ወረቀቱን አጉልተው ማየትዎን ሳስብ እኮራብዎታለሁ፣ እኛ ጠርሙስ እንደዚያ ነው የምናየው።

4. ሳቄ። ልጅቷ አጭበርባሪ ብላ የመዘገበችኝ በሳቄ ከሆነ፣ እኔ ስፈራ እስቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ቀብር ላይ ስቄ ክንዴ እስኪጠቁር ተቆንጥጫለሁ። እየቀለድሽብኝ ነው ስትለኝ ይባስ መጣብኝ። አሁንም ስጽፍ እየሳቅኩ ነው።

አምስተኛም ነበረኝ፣ ጠፋብኝ፣ ለእናንተ ይሁን።

አሁን እኛ ቤት ያለውን ላስረዳዎ። እታለም ሻንጣዋን ሰኞ አሰናዳችው፣ ማክሰኞ ፈታ እንደገና አሰናዳችው። ሰማያዊ ቀሚሷን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች፣ ማንም እንዳይነካው በዚያ በር መግባት ከልክላናለች፣ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በጓሮ ነው የምንዞረው፣ ትናንት ለጉዳይ የመጣ ሰው ሁሉ በጓሮ ነው የገባው። በሥራ ቦታ ያልነገረችው ሰው የለም። ተቆጣጣሪያችን፣ ፊቱን ፈታ አድርጎ የማያውቀው ሰውዬ፣ ስትመለሺ ብቅ በይና ጠርሙሶቹ ምን ላይ እንዳሉ ንገሪኝ አላት። እሷ ደግሞ እየሞሏቸው ቆሜ ላያቸው ነው እንጂ ልቆጣጠራቸው አይደለም፣ የመቆጣጠር ሥራ ያንተ ነው አለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

መሰረዙን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከጎኗ ቆሜ ዛሬ ጠዋት ሦስት ጠርሙስ ሰብሬያለሁ። የደስታ ነው ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ የእኔ ሳቅ የምን እንደሆነ እርስዎ አሁን ያውቃሉ። የጠዋት ፈረቃችን ሲያልቅ፣ ወደ ቤት የምትመለሽው በጓሮ ነው፣ ቀሚሴን እንዳትነኪ ብላ አስጠንቅቃ ሸኘችኝ። ለዚህች ሴት ምን ብዬ ነው የምነግራት? እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ እኮ፣ እሱ ነው የሚገድለኝ። ምንም አይደል ትለኛለች፣ ቀሚሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፣ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ የትም ልሂድ አትልም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በረንዳው ይቅርብን። አራት ክፍል፣ በፈለጉት በኩል፣ አሥራ አንድ ነን፣ አጎቴ ወለል ላይም ይተኛል፣ ሳልጠይቀው ነው የምለው። ጠርሙስ የሚሞላበት ክፍል በር ላይ ደግሞ እታለም ለትንሽ ጊዜ ትቁም። ልደት የሚል ሳጥን ፎርሙ ላይ መጨመር ከከበዳችሁ ስብሰባ በሚለው ውስጥ አስገቡን፤ አሥራ አንድ ሰው ስለ አንዲት ሴት ሊሰበሰብ ነው፣ አሁን ውሸት አይሆንም።

የደንባችሁ ጥብቅነት እንደ ወይናችሁ ሲያድር እንዲጣፍጥ እየተመኘሁ፣ ለደረሰብኝ መልካም መስተንግዶ ሁሉ ከወንበሬ ተነስቼ እጅ እየነሳሁ፣ ስሜንም ከመዝገባችሁ ላይ ቀይ ከተሰመረበት ቦታ እንደምታገኙት በመተማመን፣

ሠርግ ደግሳ ሙሽራ ያልተገኘላት፣ ስብሰባ ጠርታ ሰብሳቢ ያጣች፣
አክባሪዎ፣ የጠርሙስ አጣቢዋ የእህት ልጅ

የረሳሁት፦ ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው። እታለም ዛሬ ከሰዓትም ትሠራለች፣ የጀመርኩትን ሳጥን ሳልጨርስ ጡረታ አልወጣም ብላ ነው፣ ስትመለስ ይመሻል። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከጉያዋ የሚያወጣው የለም፣ የሚደውለውን ሁሉ የምታናግረው እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርሙሳችሁን ላጠበች ሴት ተሰርዟል ብሎ መንገር እኔ አልቻልኩበትም፣ እርስዎ ጽሑፉን አንዴ ስለተለማመዱት አፍዎ ላይ አይከብድዎትም ይሆናል። ከከበደዎት ግን ሳይመሽ ይደውሉልኝ፣ ስልኩን ይዤ በጓሮ በኩል ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ገና ሲጮህ አነሳዋለሁ፣ ብስቅም እንዳይዘጉት።